ፖርትስመዝን በትኬት ገዥ ዓይን፦ የክለብ ባለቤት ሥራ ሲመዘን

ስታዲየም ገብተው የተመለሱ ሰዎች የሚጽፉት አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትኬት ዋጋ፣ ስለ ወንበሩ ምቾትና ስለ መስተንግዶው ነው። እኔ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው የወደብ ከተማ በፖርትስመዝ፣ በፍራተን ፓርክ ጨዋታ አይቼ ከተመለስሁ በኋላ ልመዝን የፈለግሁት የክለቡ ባለቤት ለደጋፊው የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚያየው ተጫዋቾቹን ቢሆንም ገንዘቡ የሚገባው ባለቤቱ እጅ ነውና፣ በዚያ እጅ ምን እንደሚደረግበት የማወቅ መብት አለው። ፖርትስመዝን የመረጥሁት፣ ክለብን የሚያፈርስ ባለቤትም የሚያቀና ባለቤትም በዚያው ሜዳ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስለታዩበት ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍራተን ፓርክ በ1899 የተከፈተ ሜዳ ነው። ከባቡር ጣቢያው ተነስተው በእግር ሲሄዱ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩ ትንንሽ የመኖሪያ ቤቶች መካከል ያልፋሉ፤ ፍሮግሞር በሚባለው ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ጥቁር የእንጨት ማገር በነጭ ግድግዳ ላይ የተጋደመበት፣ የጥንት ማደሪያ ቤት የሚመስል በር ይቀበልዎታል። የደቡቡ ትሪቡን በ1925 የተሠራ ሲሆን ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ዛሬም በቦታቸው አሉ። ጨዋታው ሲጀመር ሕዝቡ የክለቡን ቅጽል ስም ጠርቶ «ፕሌይ አፕ ፖምፒ» እያለ በሰዓት ደወል ዜማ ይዘምራል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጦ ያደገ ሰው፣ ቋንቋው ባይገባውም ስሜቱ ወዲያው ይገባዋል።

ክለቡን መጀመሪያ ያወቅሁት በ2008፣ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የኤፍ ኤ ዋንጫን ፍጻሜ ስንመለከት ነው። ካኑ ባገባት አንድ ጎል ካርዲፍን አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሱ፣ ናይጄሪያዊው ስላገባ ቤቱ በሙሉ ጨፈረ። ያኔ ማናችንም ያላሰብነው፣ ሃያ ሺህ ሰው ገደማ ብቻ የሚይዝ ሜዳ ያለው ክለብ ለእነዚያ ሁሉ ታዋቂ ተጫዋቾች ደመወዝ ከየት እያመጣ እንደሚከፍል ነው። መልሱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታወቀ። በ2009/10 የውድድር ዘመን ብቻ አራት ባለቤቶች ተፈራረቁበት፣ የተጫዋቾች ደመወዝ በተደጋጋሚ ዘገየ፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤት ሄደ፤ በየካቲት 2010 ክለቡ በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ የገባ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበትና ወረደ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ያሳዘነኝ መውረዱ አይደለም። የገንዘብ ጠያቂዎቹ ዝርዝር ይፋ ሲሆን፣ ከሚሊዮኖቹ ዕዳ ግርጌ፣ በየጨዋታው በሜዳው ዳር ቆመው ለተጎዳ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጡት የሴንት ጆን አምቡላንስ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩበት። በእግር ኳሱ ደንብ መሠረት ለተጫዋቾችና ለሌሎች ክለቦች ያለው ዕዳ ሙሉ በሙሉ መከፈል ስላለበት፣ ተራው ገንዘብ ጠያቂ የቀረበለት ስምምነት ከእያንዳንዱ ፓውንድ ሃያ ሳንቲም ብቻ የሚያስገኝ ነበር፤ ያውም በዓመታት ተከፋፍሎ።

ይህን ሳነብ የአጎቴ ሱቅ ትዝ አለኝ። ባደግሁበት ከተማ አንድ ክለብ ነበር፤ በጀቱ ከከተማው አስተዳደር የሚመጣ፣ ስሙን መጥራት የማልፈልገው። ከክፍለ ሀገር የመጡት ተጫዋቾቹ ከሱቁ ጀርባ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የአጎቴ የዱቤ ደብተር ላይ የአጥቂውም የግብ ጠባቂውም ስም ነበረ፤ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና። «ጋሼ፣ ደመወዝ ሲገባ እከፍልሃለሁ» ይሉታል፣ እርሱም «ይሁን ልጄ» ብሎ ይመዘግባል። ሦስት ወር፣ አራት ወር ሳይገባ ይቀራል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የክለቡ ኃላፊ በክብር ትሪቡኑ ላይ ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል። ክለቡን በእውነት ተሸክሞ የኖረው ማን እንደነበረ ደብተሩ ይናገር ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማንኛውንም ክለብ ባለቤት የምመዝነው ባስፈረመው ኮከብ ሳይሆን፣ ከሁሉም በታች ያለው ገንዘብ ጠያቂ በቀኑ መከፈሉን አይቼ ነው።

ፖርትስመዝ ከዚያም በኋላ ሌላ ባለቤት አገኘ፤ የባለቤቱም ኩባንያ ወደቀና ክለቡ በ2012 ለሁለተኛ ጊዜ በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። በተከታታይ ዓመታት እየወረደ አራተኛው እርከን፣ ሊግ ቱ ደረሰ። በዚህ መሐል ደጋፊዎቹ በማኅበራቸው በኩል አንዱን አክሲዮን በ1,000 ፓውንድ መሸጥ ጀመሩ፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ገዙ፣ አቅም ያላቸው ጥቂት ደጋፊዎችም ከፍ ያለ ገንዘብ ጨመሩበት። በሚያዝያ 2013 ጉዳዩ በፍርድ ቤት እልባት አግኝቶ ክለቡ የእነርሱ ሆነ። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ አጥቂ መግዛት አልነበረም፤ ከፕሪሚየር ሊጉ ለወረዱ ክለቦች ከሚሰጠው ድጎማ የቀረውን ገንዘብ የቀድሞ ባለቤቶች ለተዉት ዕዳ አዋሉት፣ በ2014ም ክለቡ ከዕዳ ነጻ መሆኑ ተነገረ። በሊግ ቱ የሚጫወት ክለብ ከአሥር ሺህ በላይ የሙሉ ዓመት ትኬት መሸጡ፣ ደጋፊው በሜዳው ከሚያየው ውጤት ይልቅ በሒሳብ ደብተሩ ላይ ባለው እውነት እንደሚተማመን ያሳያል።

ይሁን እንጂ የደጋፊዎች ባለቤትነት ሁሉን ይፈታል ብዬ አልጽፍም። በዚያ እርከን አራት የውድድር ዘመን ቆዩ። በ2017 የውድድር ዘመኑ በተጠናቀቀበት የመጨረሻ ቀን ቼልተንሃምን 6 ለ 1 አሸንፈው ሻምፒዮን ሲሆኑ፣ የአሮጌው ሜዳ ጥገና ደግሞ የማኅበሩ አቅም የማይችለውን ሚሊዮን ይጠይቅ ነበር። የቀድሞው የዲዝኒ ኩባንያ ኃላፊ ማይክል አይዝነር ሊገዛ ሲመጣ ዕቅዱን ለባለ አክሲዮኖቹ አስረዳ፣ እነርሱም መክረውበት ድምፅ ሰጡ፤ ከአምስቱ አራት ያህሉ ይሸጥ አሉ። የግዢው ዋጋ 5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ሌላ 10 ሚሊዮን ክለቡ ላይ ለማዋል ቃል ተገባ። ሻጮቹ ለቀጣዩ ባለቤት ዕዳ የሌለበት ቤት አስረክበው በመውጣታቸው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም ባለቤቶች የበለጠውን ሥራ የሠሩት እነርሱ ናቸው።

አይዝነርስ? ገንዘቡን መጀመሪያ የረጨው ኮከብ ላይ ሳይሆን ሜዳው ላይ ነው፤ ያረጁት ክፍሎች ተጠገኑ፣ በስተምሥራቅ ያለው ሚልተን ኤንድ የተባለው ትሪቡን ታደሰ። በ2019 እና በ2020 ወደ ላይኛው እርከን ለማለፍ በሚደረገው ማጣሪያ ሳይሳካ ቀርቶ ከዚያም ቡድኑ መሐል ሠንጠረዥ አካባቢ ሲዋልል፣ ብዙ ደጋፊ እጁን አጥብቋል ብሎ አምርሮበት ነበር። ቅሬታው መሠረት አልነበረውም አልልም፤ ሰባት ዓመት በሦስተኛው እርከን መቆየት ለደጋፊ ረጅም ነው። ነገር ግን በጥር 2023 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሠርቶ የማያውቀውን ጆን ሙሲኞን ከተጫዋችነት አምጥተው ሾሙት፣ ታገሡትም፤ እርሱም በ2024 ቡድኑን በ97 ነጥብ የሊግ ዋን ሻምፒዮን አድርጎ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፑ መለሰው። አይዝነር ይህን ያደረገው ክለቡን እንደገና ዕዳ ውስጥ ሳይዘፍቅ መሆኑን ከ2008ቱ ዋንጫ ጎን ሳስቀምጠው፣ ልቤ ወደ 2024ቱ ድል ያደላል።

ወደ ከተማዋ ለሚሄድ ወገን በጉጉት እንዲያየው እመክራለሁ፤ ቀደም ብለው ይድረሱና በጠባቧ መንገድ ላይ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚመጡትን አረጋውያን ይመልከቱ። ለባለቤትነቱ የምሰጠው ከአምስት ኮከብ አራት ነው። አምስተኛውን ያስቀረሁት አይዝነር በ1942 የተወለደ ሰው በመሆኑና ክለቡ አንድ ቀን ለሌላ መተላለፉ ስለማይቀር ነው። በ2025 በእንግሊዝ የጸደቀው ሕግ አዲስ ገዥን የሚመረምር ነጻ ተቆጣጣሪ አቋቁሟልና፣ የዚያን ቀን ቁልፉ ለማን እንደሚሰጥና በገንዘብ ጠያቂዎች ዝርዝር ላይ የማን ስም እንደሚቀር አይቼ ቀሪውን ኮከብ እሰጣለሁ።