በሪባን የታሰረ የበዓል ስጦታ ሳጥን ሳትከፍቱ ለሰው አትስጡ

በዓል ሲቃረብ ስልካችን ላይ የሚደረደረውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ። ሶፋ ላይ ጣል የተደረገ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አጠገቡ የሚነድ ሻማ፣ ከኋላ ትንንሽ ወርቃማ መብራቶች፤ ከታች ደግሞ «ሙሉ ስጦታ በአንድ ሳጥን» የሚል ጽሑፍ። እኔም አይቼ አራት ሳጥን አዘዝኩ። ሦስቱን ለሰው ሰጠሁ፣ አንዱን እንግዳ ስለምጠብቅ ለቤቴ አስቀረሁ። ይህን የምጽፈው ያስቀረሁትን ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ሳጥን የሚሸጠው እሱ ብቻ ስላልሆነ አንዱን ብትሸሹ ሌላው እጅ ላይ ትወድቃላችሁ።

መጀመሪያ ይህ ንግድ ለምን እንደሚያዋጣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቤን ካጣሁ በኋላ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። ሌላ ዕቃ ገዝታችሁ ቢበላሽ ራሳችሁ ታዩታላችሁ፣ ራሳችሁ ትጮኻላችሁ። ስጦታ ግን የከፈለው ሰው አይጠቀምበትም፤ የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ አይናገርም። ማን ነው «ያመጣህልኝ ፎጣ ውኃ አይጠጣም» ብሎ የሚደውል? ይሉኝታ ይይዘዋል። አመስግኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ሻጩ ቅሬታ አይመጣበትም፣ እኛም በሚቀጥለው በዓል እንደገና እናዝዛለን። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ዋስትና የእኛው ጨዋነት ነው።

ሳጥኑ ሲደርሰኝ ክብደት ነበረው፤ በሁለት እጅ ነው የተቀበልኩት። ክብደቱ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ስከፍተው ነው። ካርቶኑ ድርብ ነው፣ ከሥሩ የተጨመቀ ወረቀት ተነጥፏል፣ ዕቃው የሚጀምረው ከሳጥኑ ወገብ ላይ ነው። የሻማው ብርጭቆ መቀመጫ ሁለት ጣት የሚያህል ድፍን መስታወት ነው። ስለዚህ በሳጥን ትልቅነት አትገምቱ። በማስታወቂያው ላይ ዕቃው በግራምና በሴንቲሜትር ካልተጻፈ፣ ምንም እንዳልተነገራችሁ ቁጠሩት።

ብርድ ልብሱ «የሱፍ ሙቀት» ይላል። በችኮላ ስታነቡት «ሱፍ» የተባለ ይመስላችኋል። ጫፉ ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ግን «100% ፖሊስተር» ትላለች፤ ሰው ሠራሽ ክር ማለት ነው። ፖሊስተር በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በቀላሉ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። የኔ ቅሬታ በሱፍ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። «የሱፍ ስሜት»፣ «ሐር መሰል»፣ «የቆዳ ገጽታ» የሚሉ ቃላት ሁሉ ዕቃው ሱፍ፣ ሐር ወይም ቆዳ እንዳልሆነ የሚናገሩ ናቸው። ጨርቁ ላይ የተሰፋው ምልክት ከተቆረጠ ደግሞ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ውኃ ያለበት የዕቃ ማጠቢያ ላይ ሆናችሁ አቃጥሉት። ሱፍ እሳት አይወድም፤ እሳቱን ስታነሱለት ራሱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ እንደ ወረቀትም ይሸታል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የኔው ፍሬ ሆነ።

ፎጣው ላይ ያለውን ማታለያ በሚዛን ትደርሱበታላችሁ። የፎጣ ውፍረት የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው በሚል ነው። ከ300 እስከ 400 ያለው ስስ ነው፣ ከ400 እስከ 600 ለዕለት አገልግሎት ይሆናል፣ ከ600 በላይ ያለው ያ ወፍራሙና ከባዱ ነው። የኔ «600 ግራም» ተብሎ ነው የተሸጠው። ስለካው 70 በ140 ሴንቲሜትር ነው፣ ይህም 0.98 ካሬ ሜትር ይሆናል። የተባለው እውነት ቢሆን አንዱ ፎጣ 588 ግራም መመዘን ነበረበት። ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 310 ግራም ሆነ። ግማሽ ያህል ነው! ሲነኩት ለስላሳ መሆኑም አያታልላችሁ፤ አዲስ ፎጣ ላይ ማለስለሻ ይቀባል፣ ያ ቅብ ደግሞ ውኃ ይገፋል። አንድ ሁለቴ ያለ ማለስለሻ አጥባችሁ ካላያችሁት እውነተኛ ጠባዩን አታውቁም። አንሶላ የሚጨምር ሳጥን ካጋጠማችሁ፣ «1000 ክር» የሚለውን ቁጥር አትመኑ። አምራቾች እርስ በርስ የተጠመጠሙ ቀጫጭን ክሮችን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ቁጥሩን ያሳብጡታል።

ሻማው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ቤታችን እንግዳ ተቀባይ እንዲሆን ስንፈልግ መጀመሪያ የምናስበው ጥሩ ሽታ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ደስ አለኝ። ለሙከራ አቀጣጠልኩት። ክሩ መሃል ላይ አልቆመም፣ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። ነበልባሉ ብርጭቆውን እየላሰ ያን ወገን አጠቆረው፤ ሰዓት ሳይሞላው ብርጭቆው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አጠገቡ ተቀምጬ ባልጠብቅ ኖሮ የቀለጠው ሰም ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያም ምንጣፉ ላይ ይፈስ ነበር። የብርጭቆ ሻማ ስትገዙ ክሩ በትክክል መሃል ላይ መሆኑን እዩ። ከማቀጣጠላችሁ በፊት ክሩን ወደ 6 ሚሊሜትር ቁረጡት፣ ከ4 ሰዓት በላይ በተከታታይ አታንድዱት፣ ሰሙ ከታች አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሲቀር አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱን የሚሸከመው ባዶው ብርጭቆ ነው። «የአኩሪ አተር ሰም ያለበት» የሚል ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ከአኩሪ አተር ተሠራ ማለት አይደለም፤ ቀሪው ፓራፊን፣ ማለትም ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሰም፣ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የምትሰጡት ሰው ቤት አስም ያለበት ሰው ካለ ባለ መዓዛ ሻማ ጨርሶ አትስጡ። ለእኛ ጥሩ የሆነ ሽታ እሱን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።

የገመድ መብራቶቹ በፎቶው ላይ ወርቃማ ነበሩ፤ ሲበሩ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር ነጭ ሰማያዊ ሆኑ። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቤትን ሞቅ የሚያደርገው ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ይቀዘቅዛል፣ 6500 ላይ የቀትር ሰማይ ይመስላል። ኬልቪኑ ያልተጻፈበትን መብራት በፎቶ አትግዙ፤ ፎቶን ማሞቅ በስልክም ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሳጥኑ ውስጥ ሦስት ሻማ መሰል ትንንሽ መብራቶች ነበሩ፤ እሳት የላቸውም፣ በባትሪ ነው የሚሠሩት። «ልጆች ላሉበት ቤት አስተማማኝ» ተብለው ነው የተሸጡት። አንዱን ገልብጬ ክዳኑን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተከፈተ። ቡሎን የለውም። ከውስጥ ሲአር 2032 የተባለው ክብ ባትሪ ወደቀ፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሚያብለጨልጭ ነገር። እንደ ሳንቲም ነው፣ ሕፃን አይቶ አያልፈውም።

ይህ ባትሪ ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ አደጋው ማነቅ ብቻ አይደለም። እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ያም የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጥራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። መብራቱን ማብራት ያቃተው «ያለቀ» ባትሪ እንኳ ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ሊያስል፣ ምራቁ ሊዝረከረክ፣ ምግብ እምቢ ሊል ይችላል፤ ምንም ምልክት ላያሳይም ይችላል። ከተጠራጠራችሁ አታስመልሱት፣ ምልክት እስኪታይም አትጠብቁ፤ ይዛችሁት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሩጡ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለ ባትሪ የሚይዝ ዕቃ ሕፃን የማይከፍተው ክዳን እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው ልጆች ስለሞቱ ነው። ባትሪ የሚወስድ ጌጥ ስትገዙ ክዳኑ በቡሎን የታሰረ ይሁን። ካልሆነ ከነጭራሹ ይቅርባችሁ።

ገንዘቤን ለማስመለስ ስሞክር የገጠመኝንም ስሙ። ሳጥኖቹን ያዘዝኩት ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድሜ ነበር። መመለስ የሚቻለው ዕቃው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ነው ይላል፤ ስጦታ ደግሞ የሚከፈተው በበዓሉ ቀን ነው። ሰው ሳይከፍተው ቀኑ ያልቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ ቀድማችሁ የምትገዙ ከሆነ፣ የመመለሻው ቀን ከበዓሉ በኋላ ድረስ መቆየቱን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ብዙ ትልልቅ ሻጮች በበዓል ሰሞን ያራዝሙታል። ለሻጩ ስጽፍለት ቅሬታዬን ከተውኩ ከዋጋው ትንሽ ሊመልስልኝ እንደሚችል ነገረኝ። እምቢ ስል፣ በራሴ ወጪ ወደ ሌላ አገር እንድልከው አለኝ። ከሁሉ የባሰው ስህተት ግን የራሴ ነው፤ «በባንክ ብታስተላልፍ ተጨማሪ ቅናሽ» ሲለኝ በካርድ መክፈሉን ትቼ አስተላለፍኩ። በካርድ የከፈለ ሰው ባንኩ ዘንድ ክርክር ማንሳት ይችላል፤ ገንዘብ ያስተላለፈ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ነገር የለም። ያን ቅናሽ ሲሰጣችሁ መብታችሁን ከእናንተ እየገዛ መሆኑን እወቁ።

ስለ ቅናሽ ካነሳሁ፣ «ከ70% ቅናሽ በኋላ» የሚለው ዋጋ አንድም ቀን ያለቅናሽ ተሽጦ ላያውቅ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጭ ቅናሽ ሲያስተዋውቅ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ የወጣው ለዚሁ ነው። ሌላ ቦታ ያለን ሰዎች ራሳችን እንሥራው፤ ዕቃውን ስታዩት የዋጋውን ስክሪንሾት አንሱ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና እዩት።

እንግዳዬን በመጨረሻ ያለ ሳጥኑ ተቀበልኩ። መስኮቱን ከፍቼ ክፍሉን አናፈስኩ። የጣሪያውን መብራት አጥፍቼ ከአልጋው አጠገብ አንድ ሞቅ ያለ አምፖል አበራሁ፣ ሻንጣ የሚያርፍበት ቦታ አጸዳሁ፣ ብዙ የታጠበ ግን ውኃ የሚጠጣ ፎጣ አስቀመጥኩ፣ ስልክ የሚሞላበት ሶኬት አልጋው አጠገብ መኖሩን አየሁ። በደንብ ተኛች። ለሰው ስትሰጡም በአምስት ደካማ ዕቃ ፈንታ አንድ ጠንካራ ፎጣ ወይም አንድ ጥሩ አምፖል ይበልጣል። ትንሽ ሆኖ ታያችሁ ይሆናል፣ ግን እየተነካ፣ እየታጠበ ዓመታት ይቆያል።

ሦስቱን ሳጥን ለሰጠኋቸው ሰዎች የራሴን ሳጥን በከፈትኩበት ቀን ደወልኩ። ከብዶኝ ነበር። «ስጦታዬን መልሱ» ማለት ያሳፍራል፣ ግን ባትሪውን ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁለቱ እንዳልከፈቱት ነገሩኝ። ሦስተኛዋ እህቴ ናት። ፎጣው ውኃ እንደማይጠጣ በመጀመሪያው ቀን አውቃዋለች፣ ብርድ ልብሱንም አጣጥፋ አስቀምጣዋለች፣ ቅር እንዳይለኝ ብላ ዝም አለች። ሻማ መሰሎቹስ የት ናቸው ስላት ትንሽ ቆየችና «ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ ልጁ ይጫወትባቸዋል» አለችኝ። ስልኩን ሳትዘጋ ሄዳ ቆጠረቻቸው። ሦስቱም ነበሩ፣ ባትሪያቸውም ከውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሳጥን ለሰው የሰጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና ይህንኑ አስቆጥሩ።