ስምንት ወር ከ130 ሚሊሜትሩ ቴሌስኮፕ ጋር፦ የአንድ ተማሪ ግምገማ

ሣጥኑ ላይ በትልቁ «260 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ባልዋሽ፣ የገዛሁት ለዚያ ቁጥር ነው። ከስምንት ወር በኋላ ግን 130 እጥፍን የተጠቀምኩባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ 260ን አንድም ቀን አልሞከርኩትም። አብዛኛውን ጊዜ የማየው በ26 ነው።

ዕቃው ዶብሶኒያን ከሚባለው ወገን ነው። ዋናው መስታወት 130 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም መስታወቱ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት፣ 650 ሚሊሜትር ነው፤ ከታች በእጅ የሚዞር የጣውላ መቀመጫ አለው። አብረውት የ25 እና የ10 ሚሊሜትር የዓይን ሌንሶች መጥተዋል፤ ጉልበታቸውን በእጥፍ የሚያሳድገው ባርሎ ሌንስም አለ። 650ን ለዓይን ሌንሱ ቁጥር ስታካፍሉት 26 እና 65 እጥፍ ይወጣል፤ ባርሎው 65ቱን 130 ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ሌሊት ያሳፍራል። የቱቦው ክዳን መሃሉ ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። እኔ ትንሹን ብቻ ነቅዬ ትልቁን ሳልነካው ሰማይ አየሁ። ጨረቃ ስለታየችኝ ምንም አልጠረጠርኩም። ሌላው ነገር ሁሉ ግን ደብዛዛ ነበር። ሁለት ሌሊት ሙሉ ብልሽት ያለበት ዕቃ ሸጡልኝ ብዬ ስበሳጭ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን አብሮኝ የሚኖረው ተማሪ በቀን ብርሃን አየውና «ይህኛውስ ክዳን አይከፈትም?» አለኝ።

ክዳኑ ከተነሣ በኋላ መስታወቱ፣ በጨለማ ከሰፋ የዓይን ብሌን ጋር ሲነጻጸር፣ ከ300 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። የቴሌስኮፕ ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ ማጉላቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጁፒተርን በተመለከተ ብዙዎች «ትንሽ ናት» ብለው ያማርራሉ፤ እኔም አማርሬ ነበር። ሒሳቡን ስሠራው ግን ለምድር በምትቀርብበት ጊዜ በ65 እጥፍ የምትታየው ጁፒተር በባዶ ዓይን ከምናያት ጨረቃ ትሰፋለች። ዓይን አያምንም እንጂ ቁጥሩ እንዲህ ነው። ዓይኔን ሳላነሣ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየሁ በኋላ ሁለቱ ቡናማ መቀነቶች እየጠሩ መጡ፤ የአየሩ መናጥ ለአንድ አፍታ ጋብ ሲል ደግሞ የአንደኛው ጠርዝ ሸካራ መሆኑ ታየኝ። አንድ ሌሊት ደብተሬ ላይ በጁፒተር ዙሪያ ሦስት ጨረቃዎች ብቻ ሣልኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስመለስ አራተኛዋ ከፕላኔቷ ጠርዝ ትንሽ ፈቀቅ ብላ እንደ መርፌ ጫፍ ታበራለች። ጋሊሊዮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1610 በመጀመሪያው ሌሊት የመዘገበው ሦስት ብቻ ነበር፤ አራተኛዋን የለየው ከቀናት በኋላ ነው። ይህን ያነበብኩት ሥዕሉን ከሣልኩ በኋላ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ቀለም የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። የኦሪዮን ኔቡላ የሚባለው የጋዝና የአቧራ ደመና በፎቶ ላይ ቀይና ሐምራዊ ነው፤ በዓይን ሌንስ ግን ክንፏን እንደዘረጋች ግራጫ ወፍ ናት። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተነሣ ብርሃን ነው ስትባሉ ትጓጓላችሁ፤ የምታዩት ግን በጣት የተዳበሰ የሚመስል ጭጋግ ነው። እኔን የረዳኝ ከአዲስ ሌንስ ይልቅ የማየት ዘዴ ነው። ደብዛዛ ነገር በቀጥታ ከማየት ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩት ይደምቃል፤ ለደካማ ብርሃን የሚነቁት የዓይን ሕዋሳት ከመሃሉ ውጭ ስለሚበዙ ነው። ጨለማ ውስጥም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ጥበቃ አንድ የስልክ መልእክት በሰከንድ ያጠፋዋል። አሁን ለማስታወሻዬ በቀይ ፕላስቲክ የሸፈንኩት ባትሪ እይዛለሁ፤ ስልኩ ክፍል ውስጥ ይቀራል።

ጉድለቶቹን ልናገር። መቀመጫው አጭር በመሆኑ ጽኑ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ የእኔ ጠረጴዛ ስለሚወዛወዝ በ130 እጥፍ ምስሉን ባስተካከልኩ ቁጥር ኮከቡ ይዘላል። ሞተር የለውም፤ ምድር ስለምትዞር ጁፒተር በ65 እጥፍ በሦስት ደቂቃ ገደማ ከእይታ ትወጣለችና ቱቦውን በየጊዜው መግፋት ግድ ነው። የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያውን ማጥፋት ረስቼ ባትሪውን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። መስታወቶቹ ደግሞ በጉዞ መስመራቸውን ይስታሉ። ደማቅ ኮከብን ሆን ብዬ ሳደበዝዘው የሚታየው ጥቁር ክብ ከመሃል ከሸሸ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች እነካለሁ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት የፈጀብኝ ሥራ አሁን አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቱቦው ከሞቀ ክፍል እንደወጣ ደግሞ ምስሉ እንደሚፈላ ውኃ ስለሚንተከተክ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ አወጣዋለሁ።

ቀን ላይ ማነጣጠሪያውን ስታስተካክሉ ከፀሐይ ራቁ። ከፊት ለፊት ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ሳይገጠም ፀሐይን በዚህ ዕቃ ማየት ዓይንን ለዘለዓለም ያጠፋል።

ፎቶ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ይህን አይግዛ፤ ስልክን ሌንሱ ላይ ደግኖ ከጨረቃ ያለፈ ብዙም አያገኝም። ለማየት ለሚፈልግ ግን እመክረዋለሁ። ቀጥሎ ገንዘብ ሳጠራቅም የምገዛው ከ10 ሚሊሜትሩ የተሻለ አንድ የዓይን ሌንስ ነው፤ የመጣው እይታው ጠባብ ነው፣ ጠርዙም ይንሻፈፋል። ባርሎው ከነሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የሚፈልግ ካለ እሰጠዋለሁ።