ባሕር ዳር የሚሸጠው የማንጎ ዝንብ ወጥመድ

የሜቲል ዩጂኖል (ዝንብ የሚስብ ሽታ ያለው ኬሚካል) ወጥመዱ ለዋጋው አይቆጭም፤ ሥራው ግን ግማሽ ነው። የሚጠራው የማንጎ ዝንቡን፣ የባክትሮሴራ ዶርሳሊስን፣ ወንዶች ብቻ ነው። የሽታው ሞለኪውል በአንቴናው ፀጉር ቀዳዳዎች ይገባል፤ ሽታ ከሚቀበል ፕሮቲንና ከአጋሩ ፕሮቲን ኦርኮ የተሠራው በር ይከፈታል፤ አዮኖች (ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች) ሲገቡ ነርቩ ምልክት ይልካል። ፍሬ የምትወጋው ሴቷ ዞር ብላም አታየውም፤ ለእሷ የፕሮቲን ማባበያ ያስፈልጋል። ማሸጊያው ይህን አለመናገሩ ቅር ያሰኛል።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው፤ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ከቅጠል ጥላ ሥር። ሽቦው ግሪስ ካልተቀባ ጉንዳን የሞተውን ለቅሞ የተያዙትን ዝንቦች ቆጠራ ያበላሻል። የሜቲል ዩጂኖል ማማለያውን በየ6 ሳምንቱ፣ ጓንት አድርገው ይቀይሩ። የማማለያው ጠብታ ወጥመዱን በውጭ በኩል ከነካው ዝንቡ እዚያው ላዩ ላይ ያርፋል እንጂ አይገባም።