የኋላ ፍሬኑ ለሚፋጭባችሁ፦ ለአንድ የተክለሃይማኖት ሜካኒክ ምስጋናዬ

ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ውስጥ ለውስጥ ባለች ትንሽ ጋራዥ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። በአደባባይ ላመሰግናቸው፣ እግረ መንገዴንም ለእናንተ ልጠቁማቸው ነው የምጽፈው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ከኋላ ጎማ በኩል ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ ድምፅ ታሰማ ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፣ ኋላ ላይ ግን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሆነ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድማ እግረኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ያን ቁልቁለት በየቀኑ ልጆቼን ጭኜ ስለምወርደው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሌላ ቦታ ሳሳይ "ኩሽኔታው (ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገው ዕቃ) አልቋል፣ ይቀየር" ተባልኩ። ጎማው እንኳ አልተፈታም። የቪትዝ የኋላ ኩሽኔታ ደግሞ ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ ጋር አብሮ ስለሚሸጥ ዋጋው ቀላል አይደለም።

ጋሼ ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ድምፁ የሚመጣው ፍሬን ስትይዢ ነው ወይስ ዝም ብለሽ ስትነጂም አለ? ስትታጠፊስ ይለወጣል?" ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና በግንብ አጥር ጥግ ቀስ ብዬ እንድነዳ ነገሩኝ። ድምፁ ግንቡን መትቶ ስለሚመለስ ከየት በኩል እንደሆነ በደንብ ይለያል። ቀጥለው የእግር ፍሬኑን ሳልነካ የእጅ ፍሬኑን፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደተጫንኩ፣ በትንሹ ሳብ እንዳደርግ አዘዙኝ። ሳብ ሳደርገው ድምፁ ባሰበት። "በቃ፣ እንመለስ" አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ እየተመለስን ነው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ የፊቱ ፍሬን ከጥርጣሬ ወጣ። ኩሽኔታ ሲያልቅ ደግሞ ፍሬን ተያዘም አልተያዘም፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ ነው የሚያሰማው። እንደዚያም ሆኖ በግምት አላለፉትም። በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት፣ በእጃቸውም አሽከረከሩት። ኩሽኔታው ጤነኛ ነበር።

ታምቡሩ፣ ማለትም የኋላ ፍሬኑን የሚሸፍነውና ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት፣ ዝጎ ተጣብቋል። በመዶሻ ይቀጠቅጡታል ብዬ ስሳቀቅ፣ ፊቱ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሳዩኝ። ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎኖች አስገብተው አንዴ ይሄኛውን አንዴ ያኛውን በየተራ ሲያጠብቁ ታምቡሩ ራሱ እየተገፋ ወጣ። አንድም ምት አላረፈበትም።

ውስጡን ሳይ ደነገጥኩ። ፍሬን ሲያዝ ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫነ ጎማውን የሚይዘው ሸራ ነው፤ የአንደኛው ሸራ ሙጫው ለቆት ከብረቱ ተላቋል፣ ተሰባብሮም ወድቋል። ባዶውን የቀረው ብረት ታምቡሩን ሲፍቅ ከርሞ በጣት የሚዳሰስ ቦይ አውጥቶበታል። እኔ ሸራ የሚያልቀው ሲሳሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መቀየር እንዳለበት እውነት ነው። የእኔው ስብርባሪ ግን ገና ወፍራም ነበር። ጥራት የሌለው ሸራ ቁልቁለት ላይ ሙቀት ሲበዛበት ሙጫው አይችልም፤ ጋሼ ሸራ ስትገዙ በርካሽ አትደራደሩ የሚሉት ለዚህ ነው።

ረዳታቸው አቧራውን በኮምፕረሰር ሊነፋው ሲል ቆጣ ብለው አስቆሙት። የፍሬን አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ በተለይ አስቤስቶስ ካለበት። በውሃና በሳሙና አጠቡት። ሸራዎቹን ገፍታ የምትከፍተውን ትንሿን ሲሊንደርም የጎማ ሽፋኗን ገለጥ አድርገው ዘይት እንደማታፈስ አረጋገጡ።

በጣም የወደድኩላቸው ግን የታምቡሩን ነገር ነው። ቦዩ ተፍቆ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ከመላካቸው በፊት ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገው አስነበቡኝ፦ 201 ይላል። አዲስ ሳለ የውስጡ ስፋት 200 ሚሊሜትር ነው። ተፍቆ 201 ካለፈ ስለሚሳሳ ሙቀት አይችልም፣ መጣል ነው ያለበት። ተፍቆ ሲመጣም የቶርኖ ቤቱን ቃል አልተቀበሉም፤ ራሳቸው ለክተው ከ201 በታች መሆኑን አይተው ነው የገጠሙት። "ቢያልፍ ኖሮ ሱማሌ ተራ ወርደሽ ሌላ ትገዢ ነበር እንጂ እኔ አልገጥምልሽም" አሉኝ።

ድምፅ የሌለውን የቀኙን ጎማም ፈቱት። ሸራ በአንድ በኩል ብቻ ከተቀየረ አንዱ ጎማ ጠንክሮ ሌላው ላልቶ ስለሚይዝ መኪናዋ ወደ ጎን ትስባለች። እዚያ በኩል ደግሞ የሸራ ማስተካከያው በዝገት ተይዞ ነበር። አጽድተው፣ ግራሶ ቀብተው፣ የእጅ ፍሬኑንም አስተካከሉልኝ። አሮጌዎቹን ሸራዎች በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ የተቀየረውን ዕቃ ባለቤቱ ማየት አለበት ባይ ናቸው። ሁሉም ተደምሮ የከፈልኩት፣ ለኩሽኔታው ተጠይቄ የነበረውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አሁን ያቺን ቁልቁለት ያለምንም ድምፅ እየወረድኳት ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ እጅዎ ይባረክ። ዘይቱን በፊቱ ላይ እያንጠባጠበ ከመኪናዬ ሥር ያልወጣውንም ረዳትዎን እንደዚሁ።

ስልካቸውን ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ስለማይሆን እዚህ አላሰፍረውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ፍሬን፣ ኩሽኔታና የእግር ሥራ ሁሉ ይሠራሉ። የኤቢኤስ መብራትና የኮምፒዩተር ምርመራ ግን አይነኩም፣ ወደሚችል ሰው ይመሯችኋል። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ከረፈደ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ይበዛል።