ሎግ (ፕሮግራሞች የሚሰሩትን የሚመዘግቡበት ፋይል) ዲስክ እየሞላ ላስቸገራችሁ፦ ሎግሮቴት፣ ሎኪ፣ ኢላስቲክሰርች ወይስ ክላውድዋች?

ያላችሁ ሰርቨር አንድ ወይ ሁለት ከሆነ ምንም አትግዙ። ትልቅ ዲስክ መግዛትም ቀኑን መግፋት ነው እንጂ መፍትሄ አይደለም።

ሎግሮቴት (ሎጉን በየጊዜው እየቆረጠ አሮጌውን የሚያጠፋ ፕሮግራም) ነፃ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ግን የራሳችሁ አፕ የሚጽፈውን ሎግ ኮንፊግ ካልጻፋችሁለት ዞር ብሎም አያየውም። ደሞ የሳይዝ ገደብ ሰጥቼዋለሁ ብላችሁ እንዳትተኙ፣ ሳይዙን የሚያየው ሲነሳ ብቻ ነው፣ የሚነሳው ደግሞ በቀን አንዴ፣ ስለዚህ ማታ ኤረር ሉፕ ውስጥ የገባ (ያንኑ ስህተት እየደጋገመ የሚጽፍ) አፕ ሳይነጋ ዲስኩን ጢም ሊያደርገው ይችላል። በየሰዓቱ እንዲነሳ አድርጉት።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር፣ 20 ጊጋ ሎግ በአርኤም (በማጥፊያው ትዕዛዝ) ያጠፋና ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ ማያ ትዕዛዝ) ሲል አሁንም 100% ይለዋል። ፕሮሰሱ ፋይሉን ከፍቶ ስለያዘው ነው፣ ሰርቪሱ ሪስታርት እስኪደረግ ቦታው አይለቀቅም። ኮፒትራንኬት የሚባለው የሎግሮቴት ኦፕሽን ሪስታርት ሳያስፈልግ ይሰራል፣ ግን ኮፒ አድርጎ እስኪያጠራው ባለችው ቅጽበት የተጻፈ መስመር ሊጠፋ ይችላል፣ የክፍያ ሎግ ላይ አልመክርም።

ዶከር (አፕን ኮንቴነር በሚባል ለብቻው በተከለለ ሳጥን ውስጥ የሚያስሮጥ) የምትጠቀሙ ደሞ ልብ በሉ፣ ጄሰን ፋይል የሚባለው የተለመደው ድራይቨር (ሎጉን የሚጽፈው ክፍል) ገደብ የለውም፣ እስከፈለገው ያድጋል። ገደቡን 10 ሜጋ በ3 ፋይል በሉት፣ ነባሮቹ ኮንቴነሮች እንደ አዲስ ካልተፈጠሩ ግን አይዛቸውም። ጆርናልዲ (የሊኑክስ የራሱ ሎግ ሰብሳቢ) እንኳን የዲስኩን 10% ወይ 4 ጊጋ ላይ ራሱ ይቆማል፣ እሱ ብዙም አያሳስብም።

ሰርቨሩ በዝቶ ሎጉን አንድ ቦታ ሰብስቦ መፈለግ ሲመጣ ነው ምርጫው። ኢላስቲክሰርች ጽሁፉን ቃል በቃል ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ስለሚያደርግ ፍለጋው በጣም ፈጣን ነው፣ ግን ራም ይበላል፣ ዲስክ ይበላል፣ ጭራሽ ዲስኩ 95% ሲደርስ ኢንዴክሱን መጻፍ ይከለክላል፣ ማለትም ለዲስክ ችግር ያመጣችሁት ነገር ራሱ የዲስክ ችግር ይሆናል። ሎኪ ሌብሉን (እንደ ሰርቨርና አፕ ስም ያለውን መለያ) ብቻ ኢንዴክስ ያደርግና ሌላውን ጨምቆ እንደ አማዞን ኤስ3 ያለ ርካሽ ማከማቻ ያስቀምጣል፣ የወር ሙሉ ሎግ ውስጥ አንድ ቃል ስትፈልጉ ይንቀረፈፋል እንጂ ለትንሽ ቲም እኔ እሱን ነው የምለው። ሪቴንሽኑ (አሮጌ ሎግ በቀን ገደብ የሚያጠፋው) ግን ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ አብሩት።

ክላውድዋች (የአማዞን የራሱ የሎግ አገልግሎት) ሰርቨራችሁ አማዞን ላይ ከሆነ ምንም ልፋት የለውም፣ ልፋቱ ቢሉ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ማዕከል ላይ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ጊጋ 0.50 ዶላር፣ በቀን 10 ጊጋ ከላካችሁ በወር 150 ዶላር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ያንን በዶላር ካርድ በየወሩ መክፈል ደሞ ራሱን የቻለ ስራ ነው። ሎጉ እንዲጠፋ ቀን ካልሰጣችሁት እዛው ይኖራል፣ ሂሳቡም ይቆጥራል። ከወሰዳችሁት ሪቴንሽኑን 14 ወይ 30 ቀን በሉትና ዲበጉን (ለፕሮግራመር ብቻ የሚሆነውን ዝርዝር) አስቀርታችሁ ኤረርና ዋርኒንግ ብቻ ላኩ።