የኮምፒዩት ሞጁል 4 አይኦ ቦርድ፦ ኮምቦልቻ ላይ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ኮምፒዩት ሞጁል 4 የተሰኘ ዓይነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲወጣ አብሮት የወጣው አይኦ ቦርድ (ሞጁሉ የሚሰካበት የመግቢያና መውጫ ሰሌዳ) ነው እዚህ የሚገመገመው። ሞጁሉ 55 በ40 ሚሊሜትር የሆነች ቁራጭ ናት፤ ፕሮሰሰሩና ሚሞሪው አሉባት፣ ገመድ የሚሰካባት ቀዳዳ ግን አንድም የላትም። ያንን ሁሉ የሚያሟላው ቦርዱ ነው፦ ሁለት ኤችዲኤምአይ፣ የጊጋቢት ኔትወርክ፣ ሁለት ዩኤስቢ፣ አንድ ፒሲአይኢ (ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት)፣ ባለ 40 ፒን መስመርና የሰዓት ባትሪ ማስቀመጫ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ወርክሾፕ የኮምፕረሰር ግፊትና ሙቀት እየመዘገበ ሌት ተቀን ሠርቷል። በእነዚህ ወራት ቦርዱ ራሱ አልተበላሸም። ሥራ ያስቆመው በየጊዜው ወደ ቦርዱ የሚገባው ኃይል ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚጻፍለትም እሱ ነው።

የኃይል ሶኬቱ 2.1 ሚሊሜትር መርፌ ያለው ክብ ሶኬት ነው፣ መሐሉ ፖዘቲቭ። ገበያ ላይ ከውጭ ሲታይ ፍጹም አንድ የሚመስል፣ ውስጡ ግን 2.5 ሚሊሜትር የሆነ መሰኪያ ሞልቷል። ይገባል፣ ቦርዱንም ያስነሣል። መርፌውን አጥብቆ ስለማይዝ ግን ኮምፕረሰሩ ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ለቅጽበት ይቋረጥና ሲስተሙ ከእንደገና ይነሣል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞጁሉን ወይም ሶፍትዌሩን ነው። መሰኪያውን በጣት ቀስ አድርጎ ወደ ጎን መግፋትና የኃይል መብራቱን ማየት ይበቃል፤ መብራቱ ብልጭ ካለ ችግሩ እዚያው ነው። ለሲሲቲቪ ካሜራ የሚሸጠው 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ነው። ቢሆንም ከመሰካቱ በፊት ፖዘቲቩ መሐል ላይ መሆኑን በቴስተር ይለኩ፤ በአዳፕተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ።

መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይቋረጥ በባትሪ ማስኬድ የግድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ቦርዱ የሚገባለትን 12 ቮልት አስተካክሎ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ይለውጣል፤ ወደ ፒሲአይኢውና ወደ ፋኑ የሚሄደውን 12 ቮልት ግን ምንም ሳይነካው እንዳለ ያሳልፈዋል። 12 ቮልት የምንለው የሊድ አሲድ ባትሪ በሶላር ሲሞላ 14.4 ድረስ ይወጣል። ፒሲአይኢ ላይ ካርድ ካለ ያ 14.4 በቀጥታ ካርዱ ላይ ያርፋል። ካርድም ፋንም ካልተሰካ ጭንቀት የለም፤ ቦርዱ ከ7.5 እስከ 28 ቮልት ይቀበላል፣ ባትሪውን በፊውዝ አሳልፎ በቀጥታ መስጠት ይቻላል። ካርድ ካለ ግን በመሐል ባክ ቡስት ኮንቨርተር (የባትሪው ቮልት ቢወጣም ቢወርድም 12 ላይ የሚያቆይ) ይግባ። ቮልቱን መቀነስ ብቻ የሚችለው ርካሹ ባክ አይሆንም፤ ማታ ባትሪው ከ12 በታች ሲወርድ መልሶ ከፍ ማድረግ አይችልም። ለዋይፋይ ሳጥን የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶችም ከውስጣቸው ሦስት የሊቲየም ሴል በተከታታይ የተያያዘባቸውና ማስተካከያ የሌላቸው ከሆኑ ሲያልቁ ወደ 9 ቮልት ይወርዳሉ። ያኔ ሞጁሉ ይሠራል፣ ፋኑ ግን ይዳከማል።

የመጀመሪያ ዝግጅቱ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ኢኤምኤምሲ (በራሱ ላይ የተገጠመ ማከማቻ) ያለው ሞጁል ከሆነ ኃይሉን አጥፍቶ ቦርዱ ላይ ጄ2 በተባሉት ፒኖች ከኢኤምኤምሲው መነሣትን የሚዘጋውን ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) መግጠም፣ ከዚያ ማይክሮ ዩኤስቢውን ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት፣ በመጨረሻ 12 ቮልቱን መስጠት ነው። ማይክሮ ዩኤስቢው ቦርዱን አያስነሣም፤ 12 ቮልት ሳይሰጡ የሚጠብቁ ሰዎች በከንቱ ይጠብቃሉ። ላፕቶፑ ላይ አርፒአይቡት የሚባለው ፕሮግራም ሲነሣ የሞጁሉ ማከማቻ እንደ ፍላሽ ዲስክ ብቅ ይላል፣ ኢሜጁም (የሲስተሙ ሙሉ ቅጂ) እንደ ማንኛውም ፍላሽ ይጻፍበታል። ዊንዶውስ በመሐል ዲስኩን ፎርማት ላድርግ ብሎ ከጠየቀ እምቢ ማለት ነው። ምንም ካልታየ ገመዱን ይቀይሩ፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ገመዶች ኃይል ብቻ እንጂ ዳታ አያሳልፉም። ጽፈው ሲጨርሱ ኃይሉን አጥፍተው ጃምፐሩን ያውጡ፣ ማይክሮ ዩኤስቢውንም ይንቀሉ። ጃምፐሩ ከቀረ ሞጁሉ ከራሱ ማከማቻ አይነሣም፤ ገመዱ ከቀረ ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ዝም ይላሉ።

ቦርዱ ላይ ያለው የማይክሮ ኤስዲ ቀዳዳ የሚሠራው ኢኤምኤምሲ ለሌለው ላይት ሞጁል ብቻ ነው። ኢኤምኤምሲ ያለውን ገዝቶ ተጨማሪ ቦታ ከኤስዲ አገኛለሁ ያለ ሰው አያገኝም።

ሁሉም ነገር ተነሥቶ ኪቦርድ ካልሠራ ብልሽት አይደለም። ሞጁሉ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን ዘግቶ ነው የሚነሣው። አዲሱ ራስበሪ ፓይ ኦኤስ መክፈቻውን መስመር ጽፎ ይመጣል፤ በቆየ ኢሜጅ ግን በኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉ ላይ የዲደብሊውሲ2 ኦቨርሌይን (ዩኤስቢውን የሚከፍተውን መስመር) በሆስት ሞድ በእጅ መጨመር ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ለእኛ ዓይነት ሥራ ከጌጥ በላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ ላይመለስ ይችላል፤ ሰዓት የሌለው ሲስተም ያኔ ልኬቱን በተሳሳተ ቀን ይመዘግባል፣ የሳምንት መረጃም ይደባለቃል። ቦርዱ ላይ ፒሲኤፍ85063ኤ የተባለ የሰዓት ቺፕ አለ፣ በሲአር2032 ባትሪ ይሠራል። ባትሪው ደሴ ፒያሳ ሰዓት ከሚጠግኑት ዘንድ ይገኛል። ባትሪ ማስገባት ብቻ ግን አይበቃም፤ በኮንፊግ ፋይሉ ላይ የአይቱሲ አርቲሲ ኦቨርሌይ (የሰዓት ቺፑን ለሲስተሙ የሚያስተዋውቀው መስመር) በቺፑ ስም ተጽፎ ከካሜራና ከዲስፕሌይ የአይቱሲ መስመር (ቺፖች የሚነጋገሩበት) ጋር መያያዝ አለበት። ይህ ካልተደረገ ቺፑ ቢቆጥርም ሲስተሙ አያነበውም። መሥራቱን ለማረጋገጥ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለው፣ ኃይሉን ለአሥር ደቂቃ አጥፍተው ያስነሡትና ሰዓቱን ከስልክዎ ጋር ያስተያዩ።

ሙቀትን በተመለከተ ኮምቦልቻና ደሴ ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጠባያቸው አንድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ በወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ አቧራ አለ፤ ፋን አቧራውን ጎትቶ በሂት ሲንኩ (ሙቀት በሚያወጣው ብረት) ክንፎች መሐል ይከተዋል። ስለዚህ ፋን የሌለው፣ ሞጁሉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ የተሻለ ነው፤ ከላይ ቀዳዳ ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቦርዱ በቁም ቢሰቀል አየሩ ራሱ ይወጣል። ዋይፋይ የሚጠቀም ግን የቆርቆሮ ሳጥን ሲግናሉን እንደሚገድለው ይወቅ፤ ያኔ የውጭ አንቴና ገጥሞ በኮንፊግ ፋይሉ ሁለተኛውን አንቴና መምረጥ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ በመሆኗ ቀዝቃዛ ብትሆንም አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የመሸከም ዐቅሙ ያነሰ ነው፤ ብርዱ ብቻውን ይበቃል ብሎ ሂት ሲንክ መተው አይገባም።

የማይወደድለት መጠኑ ነው። 160 በ90 ሚሊሜትር ለሙከራ ጠረጴዛ ምቹ ነው፣ በማሽን ውስጥ ለመቅበር ግን ሰፊ ነው። የካሜራ ማያያዣውም ባለ 22 ፒን ስለሆነ የተለመደው ባለ 15 ፒን ገመድ አይገባበትም፤ ከ15 ወደ 22 የሚያሸጋግረውን ገመድ አብረው ይግዙ።

ሞጁሉን ከቦርዱ የሚያያይዙት እያንዳንዳቸው 100 ፒን ያላቸው ሁለት ማያያዣዎች ናቸው፣ በፒኖቹ መካከል ያለው ርቀት 0.4 ሚሊሜትር። አቅጣጫውን ከመመሪያው ሥዕል ጋር ሳያስተያዩ አይጫኑ። ሁለቱ አውራ ጣቶች በሁለቱ ማያያዣዎች ላይ አርፈው እኩል ሲጫኑ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ወገን ብቻ ቀጭ ካለ ኔትወርኩ እየሠራ ኤችዲኤምአይው ሊጠፋ ይችላል። ሲያወጡ በካቻቢቴ ከአንድ ጥግ አይፈልቅቁ፤ ግራና ቀኙን በየተራ በጥቂቱ እያነሡ ያላቁት። የማያያዣው አምራች የሚሰጠው ዕድሜ 30 ጊዜ መግጠምና መንቀል ነው፤ ብዙ ሞጁል የሚሞክር ሰው ስንት ጊዜ እንደነቀለ በቦርዱ ጠርዝ ላይ በማርከር ይቁጠር።