ዛንዚባር በፓኬጅ፦ እናቴ፣ ኮንጎ ጫማ እና የጠፋው ባህር

እቁብ የወጣልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እህቴ "ሮቶ ግዢበት" ብላኝ ነበር፣ እኔ ደሞ አይ እማዬን ባህር ላሳያት አልኩ። ማሳየት እንኳን አይባልም፣ ከ1983 በፊት አባባ ወታደር ሆኖ አሰብ ሲመደብ አብራው ኖራለች። ከዛ ወዲህ ያየችው ትልቅ ውሃ ላንጋኖ ነው፣ ላንጋኖን ደሞ በቀለሙ "ሻይ በወተት" ነው የምትለው።

ኤጀንቱ ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ አንድ ሕንፃ ላይ ቢሮ ያለው ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ልጁ ጨዋ ነው፣ ጥፋቱ ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ፖስተር "ዛንዚባር 5 ሌሊት 3 ቢች" ይላል፣ ዛንዚባር ታንዛኒያ ያለችው ደሴት ናት፣ ሦስት ፎቶ አለው፣ ሦስቱም አንድ ናቸው፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘንባባ። እኔም ቢች ቢች ነው ብዬ ልዩነቱን ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ትኬትና ቪዛ በቀኑ አለቀ፣ የቢጫ ወባ ካርድ እንዳትረሱ ብሎ ሦስቴ ደወለ፣ እማዬን "እማማ ወገቦን እንዳያሞት" ብሎ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር አስያዘላት። ቦሌ ከተነሳን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዛንዚባር ነን፣ አንዳንድ ቀን ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መልስ ከዚህ ይበልጣል ብላችሁ እመኑኝ።

አሁን ወደ ቅሬታው። በፈረንጅ ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የራሳቸውን የመንግሥት ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፣ ለአንድ ትልቅ ሰው 44 ዶላር። ፓኬጁ ውስጥ የለም። የነገረን ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው፣ በኦንላይን ዶላር መክፈል ለኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ በሷ ሌሊት ከእንቅልፏ ተነስታ ባትከፍልልን ጉድ ሆነን ነበር።

ግን ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው ፓጄ ነው።

ፓጄ በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል ነው፣ የመጀመሪያ ሁለት ሌሊታችን እዛ ነበር። ማታ ደርሰን ተኛን፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ እኔ ደሞ ፎጣ ይዤ ወጣን፣ ባህር የለም። ቀልዴን አይደለም፣ የለም። እርጥብ አሸዋ፣ ኩሬ ኩሬ ውሃ፣ በጎኗ የተጋደመች ጀልባ፣ ከዛ ማዶ በጣም ርቆ ነጭ መስመር፣ ማዕበሉ እዛ ነው የሚሰበረው። እማዬ ቆማ አየችና "የአሰቡ እንኳን እንዲህ ጥሎን አይሄድም ነበር" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል ሁለቴ ይመለሳል፣ በመሀል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ፣ ሰዓቱ ደሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይብሳል፣ በከፍታ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ እኛ የሄድነው ደሞ ልክ ሙሉ ጨረቃ ላይ። የምሥራቁ ዳርቻ እንደ ምጣድ ዝርግ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ብዙ ርቆ ይሄዳል። ሰሜኑ ቶሎ ስለሚጠልቅ እንዲህ አያረግም። ይሄን ሁሉ የነገረኝ የሆቴሉ ዘበኛ ነው፣ ኤጀንቱ አይደለም። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ የውሃው ሰዓት ተለጥፎ አለ፣ ቱሉ ዲምቱም የውሃ ፈረቃ ፓጄም የውሃ ፈረቃ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ ስዋሂሊ የሚናገሩ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት አንድ ሰዓት ነው፣ ሰዓቱንም "ሳ" ነው የሚሉት። የኤጀንቱ ወረቀት በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ሾፌሩን 9 ሰዓት ስል እሱ በራሱ ማለትም በኛ 9 ሰዓት መጣ፣ ግማሽ ቀን ጠበቅነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እዛ ሀገር በሀበሻ ሰዓት ተናገሩ ይሻላችኋል።

ውሃው ሲሄድ ታዲያ ፓጄ አይሞትም። ሴቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው የባህር አረም ያለማሉ፣ ችካል ተክለው በገመድ ላይ እያሰሩ፣ ደርቆ ወደ ውጭ ይሸጣል፣ ከሱ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙና ምናምን ውስጥ ይገባል። እማዬ ከነሱ ጋር ግማሽ ቀን ዋለች። ቋንቋ የላት፣ እንግሊዝኛ የላት፣ ግን ሲስቁ ከሩቅ ይሰማኛል። እዛ ስትሄዱ ግን በባዶ እግር እንዳትሞክሩት፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር ነገር አለ፣ ከእግር ለማውጣት ፈተና ነው። ፈረንጆቹ የባህር ጫማ ምናምን ብለው የሚገዙትን እኔ ከመርካቶ የገዛሁት ኮንጎ ጫማ ሠርቶልኛል፣ ሙሉ ነጥብ ለኮንጎ ጫማ። ከሰዓት ደሞ ውሃው ይመለሳል፣ ጥር ላይ ነፋስ ስላለ ሰማዩ በትልልቅ ካይት ይሞላል፣ ወጣቶቹ በሱ እየተጎተቱ ውሃው ላይ ይንሸራተታሉ። ፎቶውን ሁላችሁም ያያችሁት ድንጋይ ላይ የተሠራው ዘ ሮክ የሚባል ሬስቶራንትም በዚሁ በምሥራቅ በኩል ነው፣ ውሃ ሲሸሽ በእግር ሲሞላ በጀልባ ነው የሚገባው፣ እኛ ከውጭ ፎቶ ተነስተን ተመለስን።

ቀጥሎ ኑንግዊ፣ ሰሜኑ ጫፍ። የፖስተሩ ፎቶ ይሄ ነው፣ ሦስቱም ፎቶ ከዚህ የተነሳ ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ብትገቡ ማታ ብትገቡ ውሃ አለ፣ ለብ ያለ ነው፣ አሸዋው ነጭና ልስልስ፣ በቀትር እንኳን እግር አያቃጥልም። ለዋና ከሆነ የምትሄዱት ኑንግዊ ወይ አጠገቡ ያለው ኬንድዋ፣ አለቀ። ግን ሰው ይበዛል፣ ሙዚቃ አለ፣ ከሆቴል እንደወጣችሁ "ሲስተር ጀልባ፣ ሲስተር ማሳጅ" የሚል አይጠፋም። እማዬ የወደደችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ዳርቻው ላይ የእንጨት ጀልባ በእጃቸው የሚሠሩትን ሽማግሌዎች። ፀሐዩን አትናቁት ደሞ፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ለምዶኛል ብዬ ሳልቀባ ዋልኩና ትከሻዬ ተላጠ።

የመጨረሻው ሌሊት ስቶን ታውን ነው፣ ይሄን "ቢች" ብሎ መቁጠር ግን ትንሽ ድፍረት ነው። አሮጌ ከተማ ነው፣ በፈረንጅ ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ መንገዱ ከሐረር ጀጎል ጋር ይመሳሰላል፣ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ጨዋነት ነው። ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ምግብ ይዘረጋል፣ የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ ጠጡ። ቀኑ ዓርብ ነበርና እማዬ ጾም ናት፣ ባቄላ የመሰለ ነገር በኮኮናት የተሠራ አገኘንላት፣ "ሽሮ ቢሆን" አለች እንጂ ጨረሰችው። ቅርንፉድ ገዝታ መጣች፣ ቤቱ እስካሁን ይሸታል።

እንግዲህ ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 3 ነው። ሁለቱን የቀነስኩት አንዱን ለ44 ዶላሩ፣ አንዱን ደሞ ሦስት የማይገናኙ ቦታዎችን አንድ ፎቶ ለጥፎ ስለሸጠልኝ። ፓጄ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እማዬን ብትጠይቁ ከሦስቱ ፓጄን ነው የምትመርጠው። ግን ሙሽራ ሆኖ ለዋና የሄደ ሰው ጠዋት ተነስቶ ባህር ሲያጣ ምን እንደሚል አስቡት።

ይሄንኑ ለልጁ ሄጄ ነገርኩት፣ ሰማኝ፣ ኢንሹራንሱን ከዚህ በኋላ ዋጋው ውስጥ አስገባለሁ አለ፣ ወዲያው ደሞ የሲሸልስ ፖስተር አወጣ። ፎቶው ያው ነው፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘንባባ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና "ልጄ፣ የዚህኛው ውሃ ይሄዳል?" አለችው።

"አጣራለሁ እማማ" አለ።